ሠላሳ አንድ ሚስማር

አባቴ ዐይኑ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔ ግን አላወቅሁም። ሌላ ሰው ቢሆን «አይፈረድባትም» ይባል ይሆናል። እኔ ላይ ግን ይፈረዳል፤ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የምንኖረው። ሥራዬ ደግሞ ዕቃ ቤት ነው። አንድ መጋዘን ሙሉ ንብረት፣ ከማሽኑ እስከ መጥረጊያው፣ ቁጥር ለጥፌ፣ ካርድ አውጥቼ የምይዝ ሴት ነኝ። የገዛ ቤቴ ውስጥ የጎደለውን ግን አላየሁም።

ነገሩ የወጣው ቤቱን ልናድስ በተነሣንበት ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ አንድ ሕግ ነበራት፤ «ከቦታው የተነሣ ዕቃ የጠፋ ዕቃ ነው» ትል ነበር። መቀስ ከመሳቢያው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ካደረ ቤቱ በጩኸት ይናጣል። እኔን ዕቃ ቤት ያስገባኝ ትምህርቴ ሳይሆን የእሷ ቁጣ ይመስለኛል። እንዲህ ያለች ሴት ከመሞቷ በፊት ያመጣችው ዝርክርክነት ታዲያ አስደንግጦኝ ነበር። የምድጃውን ማዞሪያ በጨርቅ ቁራጭ ጠመጠመችው። የጨው ጣሳ ላይ ላስቲክ አሰረች፤ የስኳሩን ተወችው። ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ባለው ኮሪደር ገመድ ወጠረች። የልብስ ማስጫ ነው እንዳልል ከወገብ አይበልጥም፤ ሸሚዝ ቢሰጣበት እጅጌው ወለል ይጠርጋል። በየበሩ አጠገብ ደግሞ ግድግዳው ላይ ሚስማር መታች፤ አንዱ በር ጋ አንድ፣ ሌላው ጋ ሁለት፣ ሌላው ጋ ሦስት። «ምን ሊሰቀልበት ነው?» ስላት «ተይው፣ ይሁን» አለችኝ። በሽታው ጭንቅላቷ ላይ ወጣ ብዬ ለታናሽ ወንድሜ በስልክ አለቀስኩለት።

እሷ ከሞተች በኋላ አባቴ አንዲት ዕቃ እንዳትነካ ከለከለ። ወንበር ስቤ ተቀምጬ ስነሣ «መለስሽው?» ይለኛል። ሐዘን ነው አልን። ሰው ሁሉ የሚያዝንበት መንገድ አለው፤ የአባታችን ደግሞ በወንበር ነው እያልን ከወንድሜ ጋር እንስቅ ነበር።

ግድግዳውን ግን እርጥበት ከሥር በላው። ቀለሙ ተላጠ፤ የሳሎኑ ወለልም ተሰነጣጠቀ።

«አባባ፣ ቤቱ ይታደስ» አልኩት።

«እኔ እስክሄድ ይቆይ።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«እናትሽ ጋ ነዋ።»

«ይህን ግድግዳ ትተህ ብትሄድ በሩን አትከፍትልህም።»

ሳቀ። እኔ ሰው ሲስቅ ተስማማ ብዬ እመዘግባለሁ፤ አመሌ ነው።

ግንበኛውን አመጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ ቱንቢ ነው የሚለው፤ ግንበኞች ግድግዳ የሚያስተካክሉበትን ባለ ክብደት ገመድ ማለት ነው። ያቆመው ግድግዳ ዝንፍ አይልም፣ እሱም እንደዚያው ነው። ክፍሎቹን ዞሮ አየና ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገውን ነገረኝ፤ ሳሎኑ ባዶ ይሁን፣ የቀረው ዕቃ በላስቲክ ይሸፈን፣ ግድግዳው ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይነቀል፣ ቀዳዳው በጄሶ ይደፈን።

እዚህ ላይ ደስታዬን አትጠይቁኝ። አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ወረቀት፣ ማጣበቂያና ጥቁር እስክሪብቶ ገዛሁ። «የዕውር ድንብር ሥራ አልወድም» አልኩት አባቴን፤ «ሁሉም በዝርዝር ይሆናል።» ዛሬ ያን ቃል ወደ አፌ ብመልሰው ምን አለበት! እሱ ግን ፈገግ ብሎ «አንቺማ አለቃ ነሽ» አለኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚጠራኝ አለቃዬ እያለ ነው።

የምድጃውን ጨርቅ ፈትቼ ጣልኩ። የጣሳውን ላስቲክ በጠስኩ። ገመዱን ስቆርጥ አባቴ ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው የምትቆርጪው?»

«የእማዬን ገመድ።»

እጁን ወደ ግድግዳው ሰደደና ባዶውን ዳበሰ። እኔ ገመዱን እየጠቀለልኩ ነበር፤ ማየቱንስ አየሁ። ግድግዳውን የተሰናበተ መስሎኝ እንዲያውም እንባዬ መጣ።

ሚስማሮቹን በመዶሻው ጥርስ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው።

«አለቃዬ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ጋ ያሉት ይቆዩ?»

«አባባ፣ ቀለም ቀቢ ሚስማር እየዞረ አይቀባም።»

«እሺ» አለ።

አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ፣ ትራፊክ ፖሊስ እንኳ «እሺ» የማያሰኘው ሰው ነበር።

ሠላሳ አንድ ሚስማር ወጣ። ዕቃ ቤት የሠራ ሰው ሚስማር አይጥልም፤ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ «ልዩ ልዩ ሚስማር፣ ብዛት ሠላሳ አንድ» ብዬ ለጠፍኩበት። ቀዳዳዎቹን በጄሶ ደፍኜ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ቱንቢ መጥቶ በመዳፉ ዳበሰና «ልቀጥርሽ ነው» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ቅዳሜ ወንድሜ መጣ። ሶፋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የምግብ ጠረጴዛውን ወደ ጓሮው ክፍል አጋዝን፤ የአባቴን አልጋም ከመኝታ ቤቱ አውጥተን ሳሎኑን አልፎ ባለው ትንሽ ክፍል ውስጥ ዘረጋን። አባቴ ደጅ ጋዜጣ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ቱንቢ ለወለሉ የሚሆን ሁለት ናሙና ሸክላ ይዞ ጎንበስ አለለት፤ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ቡኒ።

«አባት፣ የትኛው ይሻልዎታል?»

አባቴ ሁለቱንም በእጁ መዘናቸው። «ነጩ ይሁን» አለ።

እኔና ወንድሜ ሳቅን። «አባባ የሌለ ነገር ማማረጥ ይወዳል» አልኩ። ቱንቢ ግን አልሳቀም። አባቴን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ሸክላዎቹን ተቀብሎ ሄደ።

ሰኞ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ቁርሱን አቅርቤለት ነው የወጣሁት። ከቀትር በኋላ ቱንቢ ደወለ። «እህቴ፣ ቶሎ ነይ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ደጃፉ ላይ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። «ልለካ መጥቼ ነው» አለኝ። «ልደግፋቸው ብል አላስጠጋ አሉኝ። እንደማያዩ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር።»

አባቴ ባዶው ሳሎን መሃል ቆሟል። የሚይዘው የለም። ሶፋ የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ባዶ ወለል ነው። እጆቹን ትንሽ ከፍ አድርጎ ዘርግቷል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ ጫማው ሥር ያለውም ውኃ አይደለም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«አለቃዬ፣ በሩ በየት በኩል ነው?»

ሠላሳ ዓመት በኖረበት ቤት። ምን ያህል ሰዓት እንደቆመ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

አጠብኩት፣ ልብሱን ቀየርኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው ያሳጠበኝ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት፤ ድምፄ ቁጣ ነበረበት፣ ሌላ ድምፅ የለኝም።

«አልጠየቅሽኝማ። አንቺ ትነግሪኛለሽ እንጂ አትጠይቂኝም።» ይህን ያለው ሳይቆጣ ነው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቀስ እያለ ነገረኝ። ሹፌር ማለት ዐይን ነው፤ ዐይኑ ጠፋ ሲሉት ላለመስማት ለእናቴ ብቻ ተናገረ፣ ለልጆቹ እንዳትነግርም ለመናት። እሷ ደግሞ በዚያው ሰሞን በሽታዋን አወቀች። ስለዚህ እኔ ሥራ ስውል ሻርፗን ዐይኗ ላይ እያሰረች ከእሱ ጋር ቤቱን ትማር ነበር። ከአልጋ እስከ በር አምስት እርምጃ። አንድ ሚስማር መኝታ ቤት፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት፣ ሦስት ወጥ ቤት። ሌሎቹ ደግሞ መዞሪያና ደረጃ ያለበትን ያመለክቱታል። አራት ወር ፈጀባቸው። «ቅልጥሟን ጠረጴዛ እየመታት እንዴት ትስቅ ነበር መሰለሽ» አለኝ። እናቴ ቤቱን አዘጋጅታ ነበር የሞተችው፤ እኔ በአንድ ሳምንት አፈረስኩት።

እድሳቱን በዚያው ቀን አስቆምኩ። ቱንቢና ወንድሜ ዕቃውን መለሱ፤ ቱንቢ ሜትር ይዞ፣ ወለሉ ላይ የቀረውን የዕቃ እግር ምልክት እየተከተለ፣ በተቻለው አስተካከለ። አባቴ ከአልጋው ተነሥቶ ሞከረ። በሦስተኛው እርምጃ ጉልበቱ ቁም ሣጥኑን መታ፤ አንድ ስንዝር ተዛንፏል። ተመልሶ እንደገና ጀመረ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱ በለሰለሰው ግድግዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ቆመ።

«ተዉት» አለ። «ሁለተኛ ቤት የምማርበት ዕድሜ የለኝም።»

ቆርቆሮውን አምጥቼ ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ አፈሰስኳቸው። «ሁሉም አሉ፣ አባባ፤ አንድ አልጠፋም። የቱ የት እንደነበር ብቻ ንገረኝ፣ አሁኑኑ እመታቸዋለሁ።»

አንድ በአንድ በጣቱ አገላበጣቸው። «ቦታቸውን እኔ በቃል አላውቀውም፣ ልጄ። እጄ ሲደርስ ነው የሚያውቀው» አለና ቆርቆሮው ውስጥ መለሰልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ እኔ እጅ ከወንበሩ አይነሣም። እኔ ሥራ ስሆን ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ውኃም አይጠጣም፤ ለምን እንደማይጠጣ አውቃለሁ።

እሑድ እሑድ እሱ ሲያንቀላፋ ዐይኔን በእናቴ ሻርፕ አስሬ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። ገመዱ በነበረበት ከፍታ አውራ ጣቴን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ ከመኝታ ቤቱ በር ጀምሬ ቀዳዳዎቹን እፈልጋለሁ። የደፈንኩት ግን በደንብ አድርጌ ነው፤ እስካሁን አንዱንም አላገኘሁም።