የሊያንደር ታርቨር የልጅ ልጅ

ደግሞ ድልድይ፣ ደግሞ ሐውልት፣ ደግሞ ጆሮ ላይ የሚሰካ ማዳመጫ ያለበት ሙዚየም እንዳይኖር ብቻ፣ ይኼ ቤተ ክርስቲያን የጉብኝቱ የመጨረሻው ነው ብለዋል መምህራቸው ዶክተር ሃስኪንስ፣ የመጨረሻው ይሁን፣ አውቶቡሱ ላይ እግሯ አብጧል፣ ሻንዴል ማልቀስ እንኳን ሰልችቷታል። የመጀመሪያው ቀን አለቀሰች። በማግስቱም። ከዚያ ወዲያ በጥቁሮቹ ሰልፈኞች ላይ የተለቀቁት ውሾች፣ የእሳት አደጋው ውሃ፣ ደም የነካው ሸሚዝ፣ ሁሉም ዓይኗ ድረስ ይመጡና እዚያው ይቆማሉ፣ ዕንባም እንደ ስልክ ባትሪ ያልቃል ለካ፣ ማን ነገራት።

ሙቀት። የአላባማ ሙቀት፣ ጠዋት ጀምሮ ትከሻ ላይ ተቀምጦ የማይወርድ። አግዳሚው ወንበር ጀርባዋን ይቆረቁራታል፣ ሴቶቹ የካርቶን ማራገቢያ እያደሉ ነው፣ ከፊቱ የመላእክት ሥዕል ከጀርባው የአስከሬን ማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ፣ አብሯት የሚማረው ማርኬስ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ ሙቀቱ ከገደለሽ ስልክ ቁጥሩ እዚሁ አለልሽ፣ አቦ ተወኝ፣ ምነው ዛሬ፣ የድንኳኗ ልዕልት ተቆጣች እንዴ?

የድንኳኗ ልዕልት። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሲላት ደስ ይላት ነበር፣ አትዋሽ፣ ደስ ይላት ነበር። ከተማሪው ሁሉ እዚህ አገር ሥር ያላት እሷ ብቻ ናት፣ አያቷ የዚህ መንደር ጭሰኛ ነበሩ፣ ጥቁር ገበሬ ለመምረጥ ሲመዘገብ ነጮቹ ባለመሬቶች ወይ ስምህን አስፍቅ ወይ መሬቴን ልቀቅ ሲሉ፣ አላስፍቅም ያሉት ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ተጥለው መንገድ ዳር ድንኳን ውስጥ ሲከርሙ፣ አባባም አብረው ከርመዋል፣ እንዲህ ሲባል ነው ያደገችው። ዶክተር ሃስኪንስ እንኳ ይኼንን ሰምተው ዓይናቸው በራ፣ የመጨረሻው ቀን አንቺ ትናገሪልናለሽ፣ በአያትሽ አገር፣ በአያትሽ ሰዎች ፊት። እሺ አለች። ምን ጎደለኝ ብላ።

ዛሬ ጠዋት ግን እናቷ ደወለች። ሻንዲ፣ ዛሬ የት ናችሁ? ነገረቻት። የዚያን መንደር ስም ስትሰማ እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ፣ የአባባን ስም እዚያ እንዳታነሺ። እንዴ ማሚ፣ ለምን? እሺ በይኝ፣ ከክሊቭላንድ ነኝ በይ፣ ውሸትም አይደለ። ድንኳን ውስጥ ኖሯል ስትሉኝ አልነበር እንዴ? እኔ አላልኩም፣ አክስትሽ ናት፣ እሱማ ስለዚያ አገር ትንፍሽ ብሎም አያውቅ። ታዲያ ምን አድርጎ ነው? ምን ያድርግ፣ አስፍቅ አሉት አስፋቀ፣ እነሱ ሜዳ ላይ ሲበርዳቸው እሱ ቤቱ ውስጥ ነበር፣ በቃ፣ ልጆች ነበሩት፣ አትፍረጂበት፣ ሥራ ልገባ ነው፣ ቻው።

አትፍረጂበት አለችኝ። ማን ፈረደ። ለመፍረድም እኮ እንቅልፍ ያስፈልጋል።

እና ለዶክተር ሃስኪንስ አልነገረቻቸውም። እንዴት ብላ፣ አውቶቡሱ መሀል ቆማ፣ ይቅርታ የእኔ ጀግና ጀግና አይደለም ትበል? ይኸው አሁን ከፊት ወንበር ዞር ብለው ፈገግ ይሉላታል፣ እንደ ሙሽራ አባት።

እንግዳ ዝም ብሎ አይቀመጥም እዚህ። ይነሣል፣ ስሙን ይናገራል፣ ከየት እንደመጣና የማን ወገን እንደሆነ ይናገራል፣ ተቀባይዋ ደግሞ ማዘር አርዜላ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑ እናት፣ ከኮፍያ እስከ ጫማ ነጭ በነጭ፣ ሰባን ያለፉ፣ ድምፃቸው ግን የሃያ ዓመት። ማርኬስ ተነሣ። ማርኬስ ጊብስ፣ ከቶሊዶ። የማን ልጅ ነህ? እዚህ እንኳ ዘመድ የለኝም ማዘር። አሁን አለህ፣ ቁጭ በል፣ የምሳው ዶሮ እንዳታልቅብህ ብቻ ከፊት ተሰለፍ። ሳቅ። አሜን። ቀጣይ።

ቀጣይ እሷ ናት። እግሯ ይነሣል፣ እሷ ገና አልተነሣችም። ክሊቭላንድ፣ አንድ ቃል፣ ከዚያ ቁጭ፣ ከዚያ ዶሮ፣ ከዚያ አውቶቡስና እንቅልፍ። ግን ዶክተር ሃስኪንስ አሉ፣ ዝም አይሉም፣ ተናገሪ ይላሉ፣ ያኔ ድንኳኑን መትከል ሊኖርባት ነው፣ ብርዱን፣ ጭቃውን፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት፣ ብርዱን በሚያውቁት ፊት። መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበቱ ደግሞ የላትም።

ሻንዴል ታርቨር፣ ትላለች። ከክሊቭላንድ። የሊያንደር ታርቨር የልጅ ልጅ ነኝ። ድንኳን ውስጥ አልኖረም።

ማራገቢያዎቹ ቆሙ። የዶክተር ሃስኪንስ ፈገግታ የት ይግባ፣ እዚያው ፊታቸው ላይ ቀረ። ማርኬስ ጫማውን ያያል።

ቀና በይ እስቲ ልይሽ፣ ይላሉ ማዘር አርዜላ። ቀና ትላለች። ግንባርሽ የሱ ነው። እውነትሽን ነው፣ አልኖረም። እኛ የጠጣንበት ጣሳ ውስጥ ውሃው በብርድ እየረጋ፣ የሱ ቤት ጭስ ይታየን ነበር። እሑድ ሲሆን መጣ። አትግባ ያለው የለም፣ ክርስቲያኖች ነን፣ በር አንዘጋም። ባርኔጣውን ይዞ በዚህ መሀል አለፈ፣ አንዱን አግዳሚ ያያል፣ ሌላውን ያያል። ጠጋ ያለለት ሰው የለም። አባቴ አልተጠጋም። እኔ ደግሞ፣ ይኸውልሽ ልጄ፣ ቀሚሴን እንዲህ ዘርግቼ ቦታውን ሞላሁት። ልጅ ነበርኩ፣ ግን አውቄ ነው።

አንዲት ሴት ከኋላ፣ ኧረ ጌታ ሆይ፣ ትላለች ቀስ ብላ።

ወጣ። ከዚያ እሑድ እሑድ ያን አሮጌ መኪናውን እዛፉ ሥር ያቆማል፣ መስኮቱን ከፍቶ ውስጡ ይቀመጣል። ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝልን ዘማሪ አልነበረንም፣ ከውጭ ሆኖ እሱ ይይዝልን ጀመር። እኛም ተቀበልነው፣ ድምፁን ብቻ። አገር ለቆ እስኪሄድ እንዲያ ነበር። እዚያስ፣ ክሊቭላንድ፣ ቤተ ክርስቲያን ገባ?

ክሊቭላንድ። በረዶ። የአባባ ቡናማ መኪና ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ መስኮቱ ተከፍቶ፣ በዚያ ብርድ፣ ሴት አያቷ ደረጃው ላይ ጫማዋን እያራገፈች፣ ተዉት ሌባ ይፈራል፣ ከብረቱ ጋር ተጋብቷል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ሻንዴልም ትስቃለች፣ ከእሷ በላይ የሳቀ አልነበረም፣ ስትወጣ እየሮጠች ከእጁ ከረሜላ ትቀበላለች፣ እጁ በረዶ፣ ምን ዘመራችሁ ይላታል፣ ያውቀው የለም እንዴ፣ ሰምቶት የለም እንዴ፣ ውስጥ ግን ለማን ያልተጠጋችለት አለ፣ ባርኔጣዋ መስኮት ለሚያህለው ሴትዮ፣ ለሰካራሙ፣ ለማንም መንገደኛ ጠጋ ስትል ነው ያደገችው፣ ያን መስኮት አንድ ቀን አንኳኩታ አባባ ቦታ ይዤልሃለሁ ና ግባ ያለች ልጅ የለችም፣ አሁን ሞቷል፣ ሬሳውን ነው ያስገቡት።

ገብቶ ነበር ወይ ልጄ፣ ማዘር አርዜላ ይደግማሉ፣ አንገታቸውን አስግገው፣ አዎ እንድትላቸው ነው የሚፈልጉት፣ ፊታቸው ላይ ተጽፏል፣ ለዚች አሮጊት አዎ ማለት ምን ይከብዳል፣ አዎ በይና ቁጭ በይ።

አልገባም፣ ትላለች። እኛም ግባ አላልነውም።