የኋላው ወንበር

ፍጹም የኪራይ መኪና ሲያጥብ የኖረ እንጂ ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሜሪካ፣ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላው ያቆሸሸውን ሲያጸዳና ሲያሰልፍ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ከሚስቱ ከሠርካለም ጋር ጣልያን ሄደው በስሟ መኪና ሲከራዩ፣ ሮም ላይ ቁልፉን የተቀበለበትን ፈገግታ በሠርጋቸው ቀን እንኳ እንዳላየችበት ሠርካለም ለሰው ሁሉ አውርታለች።

ከዚያ ጉዞ ግን አንድ ድምፅ ተከትሎት መጣ። የኋላ ወንበር ላይ ክብደት ኖሮ ቀበቶ ካልታሰረ መኪና የሚያሰማው ያ «ቲን፣ ቲን፣ ቲን» ነው። በሥራው በቀን አሥር ጊዜ ይሰማዋል። የሚያስጮኸው ሰው የረሳው ቦርሳ ወይም የሕፃን ወንበር መሆኑን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሆኖም በጮኸ ቁጥር በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያል። አንድ ቀን ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠው እንዳያገኝ ይፈራል። ደግሞ ቢያገኛቸው ደስ ይለዋል።

ሽማግሌው የሠርካለም አባት ጋሽ ዘመድኩን ናቸው። ዕድሜያቸውን የአሰብን መንገድ በፊያት የጭነት መኪና ሲመላለሱበት የኖሩ ሹፌር ነበሩ። «ይቺ መኪና የተሠራችበትን ከተማ ሳላይ አልሞትም» ይሉ ነበር። ጉዞውም የታሰበው ለሳቸው ነው። ከአዲስ አበባ መጥተው ሮም ላይ ሊገናኙ፣ ከኋላ ተቀምጠው እስከ ፊያቷ ከተማ እስከ ቱሪን ሊሄዱ። ቪዛ ተከለከሉ። ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ሄዱ፤ በሽማግሌው ቦታ ሻንጣ ተቀመጠ።

ጋሽ ዘመድኩን ግን በስልክ አብረው ነዱ። መኪናው ማርሹ በእጅ የሚቀየር ባለ ካምቢዮ ነው፤ ፍጹም ደግሞ አሜሪካ ከገባ ካምቢዮ ነክቶ አያውቅም። «ቁልቁለት ላይ ፍሬን አትመን! ማርሽ ቀንስ!» እያሉ ይጮኹበታል፤ ሠርካለም በሳቅ ትፈርሳለች። ሰኞ ማታ ፍሎረንስ ሲደርሱ «ከፊታችሁ ያለውን ተራራ ነገ አብረን እንወርደዋለን» ብለውት ስልኩን ዘጉ።

ማክሰኞ ሳይነጋ የፍጹም ስልክ ጮኸ። አሜሪካ፣ ኤቨረት ከተማ የሚኖረው የሠርካለም ወንድም መልከጸዴቅ ነው። አባታቸው ሌሊቱን በእንቅልፋቸው አርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው። ፍጹም የተኛችውን ሚስቱን አየና ቁልፉን ይዞ ወጣ። የት እንደሚሄድ ሳያውቅ በጠባቡ መንገድ ሁሉ እያለቀሰ ነዳ። ከዚያ ቆመና መኪናውን ቱሪን መመለሳቸው ቀርቶ የዚያኑ ዕለት ሮም ላይ እንዲመልሱ በስልኩ አስቀየረ። ማታ ወደ አዲስ አበባ ቢበሩ ለቀብሩ ትደርሳለች። ይህንኑ ለመልከጸዴቅ ቢነግረው ጮኸበት።

«አብደሃል? መርዶ ሆቴል ውስጥ ይነገራል? ብትወድቅ ማን ይይዛታል? ቅዳሜ ትገባላችሁ፤ እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎች ይዘን እንነግራታለን። እስከዚያ ጥርስህን ነክሰህ ንዳ!»

ወጉም ይኸው ነው፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ፍጹም የወግ ሰው ነውና ኪራዩን ወደነበረበት አስመለሰ፤ ቁርስ ገዝቶም ወደ ሆቴሉ ተመለሰ።

መኪናው መጮኽ የጀመረው የዚያን ቀን ጠዋት ነው። ሠርካለም ወረደችና ከኋላ ወንበር ያለውን ሻንጣ ሁሉ አንስታ የኋላው ኮፈን ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ አልበቃ ያለውን ቦርሳ ጭኗ ላይ አደረገች። ጩኸቱ አላቆመም። «ሴንሰሩ ነው፣ ተበላሽቶ ነው» አለ ፍጹም። እሷ ወደ ኋላ ተጠማዝዛ የባዶውን ወንበር ቀበቶ ሳበችና አሰረችው። ያኔ ጸጥ አለ።

ከዚያማ ስትስቅ፣ ስትዘፍን፣ በየመንደሩ አይስክሬም ስትገዛ ሰነበተች። በሳቀች ቁጥር ፍጹም ዓይኑን መንገዱ ላይ ይተክላል። ተራራውን ሲወርዱ «ማርሽ ቀንስ!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ከኋላው ጥርት ብሎ ሰማ፤ እጁ ሳያስበው ቀነሰ። ቱሪን ሲደርሱ ሠርካለም ወርዳ ቀበቶውን ፈታች። የኋላውን በር ከፍታ ጥቂት ቆመችና ዘጋችው። ፍጹም አየር ልታስገባ መሰለው።

ቅዳሜ አሜሪካ ገቡ፤ እሁድ ጠዋት ማውንትሌክ ቴራስ ያለው ቤታቸው ድረስ ሽማግሌዎች መጥተው ተረዳች። ፍጹም ገና እንደሰማ ሰው ደረቱን መታ። በሣልስቱ ሠርካለም ወንድሟ መርዶውን ደብቆ ማቆየቱ ሲነገራት፣ ለቅሶ ቤቱ እየሰማ «እያወቀ ጥርሴን ሲያይ የሰነበተ፣ ከእንግዲህ ዓይኔን አያይም» አለች። ከዚያ ወዲህ የወንድሟን ደጅ ረግጣ አታውቅም። ለባሏ ግን «አንተም ምስኪን፣ እንደኔው ተታለልክ» ትለዋለች። ይቺ «ምስኪን» የምትለው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀርታለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የፍጹም እውነት በፖስታ መጣ። ለሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ሲገባ ሠርካለም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በስሟ የመጣ ወረቀት ዘርግታ አገኛት።

«ፍጹሜ፣ ከፍሎረንስ ነው። መኪና የማይገባበት ሰፈር ገብታችኋል ይላል። ካሜራ አንስቶናል።»

«ኦኬ፣ እንከፍላለና» አለ ጃኬቱን ሳያወልቅ።

«ማክሰኞ፣ ፋይቭ ፎርቲ ሰቨን ኤ.ኤም።» ጣቷን ሰዓቱ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችው። «ሶ፣ እኔ ያኔ ተኝቼ ነበር።»

ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሱ ላይ ነበር። ፓርኪንግ ልፈልግ ወጥቼ ነው ቢላት ያልቃል። ታምነዋለች፤ የባሰውም እሱ ነው። ካመነችው «ምስኪን» እንደተባለ ሊያረጅ ነው። እውነቱን ከነገራት ደግሞ መሐላዋን ያውቀዋል፤ ሠርካለም ካለች አለች ነው።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ወንድምሽ መልኬ ደውሎልኝ ነው» አለ። «አውቄ ነበር፣ ሠርኬ። ከማክሰኞ ጀምሮ ጥርስሽን እያየሁ...»

ጩኸቷን ጠበቀ። እሷ ወረቀቱን ቀስ ብላ አጠፈችው።

«ኪራዩ በማን ስም ነበር?»

«ባንቺ።»

«ኢሜይሉስ?»

ፍጹም ግንባሩን መታ። ስምንት ዓመት ከኪራይ መኪና ሥራ ያልተለየ ሰው! ውል በተቀየረ ቁጥር መልእክት የሚሄደው ለተከራዩ መሆኑን ለሌላው ሲያስረዳ የኖረው እሱ ራሱ ነው።

«ስነቃ ሁለት ኢሜይል መጥቶልኛል» አለች። «አንደኛው መኪናውን ዛሬ ሮም ትመልሳላችሁ ይላል። ያለ ክፉ ወሬ መንገድ አይቆረጥም፤ አባባ ሞተ አልኩ። ሁለተኛው ለውጡ ካንስል ተደርጓል ይላል። ተርፏል ማለት ነው አልኩ። ከዚያ አንተ ዓይንህ አብጦ ቁርስ ይዘህልኝ ገባህ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅህ ትነግረኛለሃ!» አሁን ገና ድምፅዋ ተሰበረ። «መልኬን ስለደበቀኝ የተጣላሁት መሰለህ? አንዲት ቃል ብጠይቅህ ኖሮ ለቀብሩ እደርስ ነበር። ለአፈሩ እደርስ ነበር። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት። እሱን የሰደብኩት ራሴን መስደብ አቅቶኝ ነው። ብጠይቅህ አባባ ይሞታል፤ ካልጠየቅኩህ አብሮን ቱሪን ይደርሳል። እንዲያ ነው ያሰብኩት።»

«አብሮን?»

«ሻንጣውን ለምን ያነሳሁት ይመስልሃል? ቦታው እኮ የሱ ነበር። ያ ነገር ሲጮህ ገብቷል አልኩ። ቀበቶውን አሰርኩለት። የሳቅኩትም አባባ እንዲሰማኝ ነው።»

ፍጹም እጇን ያዘ። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ አለቀሱ።

በመጨረሻ ፊቷን ታጠበችና ነጠላዋን አነሳች። «ተነስ፣ ኤቨረት ውሰደኝ። ወንድሜን ይቅርታ ልጠይቀው።»

ታች ወርደው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ፍጹም ሞተሩን አስነሳና እንደ ልማዱ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ባዶ ነው። ድምፁን ጠበቀ፤ መኪናው ዝም አለ። አሁንም ጠበቀ።

«አትጠብቀው» አለችው ሠርካለም ቀበቶዋን እያሰረች። «ቱሪን ወርዷል። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።»

ፍጹም ዓይኑን ከመስታወቱ አንስቶ ወደፊት አየና ነዳ።