የአገረ ገዥዋ ጥለት

አቶ መሳይ ነጠላውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ ሽመና አዳራሹ መስኮት ብርሃን ወሰደው። ከወርቃማው ጥለት አጠገብ የክብሪት እንጨት ያህል የቀጠነች ጥቁር መስመር ከዳር እስከ ዳር ተጋድማለች።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«የተሸነፉባት ቀን ናት» አለ ስለሺ፣ እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጣ።

የሸማኔዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር መሳይ ነጠላውን ቀስ ብሎ አጠፈው። ነጠላው የሚበረከትላቸው አሜሪካዊት እንግዳ ሽሮ ሜዳ ሊደርሱ አንድ ሰዓት ቀርቷል። ሌላ ለመሸመን ይቅርና ክሯን ለመተርተር እንኳ ጊዜ የለም፤ የጥለት መስመር ከመሐል ቢመዘዝ አብሮ የሚፈርሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ጥቁሯ ወደ ውስጥ እንድትታጠፍ አዘዘ፤ ከተጠየቀም «ባህል ነው» እንዲባል። ሴትዮዋ ቅር ብሏቸው ከሄዱ ግን ስለሺ ሃያ ሁለት ዓመት የሸመነባትን ቦታ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው በእርጋታ ነገረው። መሳይ ደግሞ ያለውን ያደርጋል።

ጥፋቱ የሩታ ነበር ማለት ይቻላል። ሩታ የስለሺ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አስራ አንድ ቀን ሙሉ አባቷ መወርወሪያውን ሲያመላልስ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ የእንግዳዋን ታሪክ ከስልኳ ስታነብለት ከረመች። ሚስስ ሃርላን የእህል መዛኝ ልጅ ናቸው። በቆሎና ነፋስ በሚበዛበት የአሜሪካ ግዛት አስተማሪ ሆኑ፤ ቀጥሎ የምክር ቤት አባል፤ ቀጥሎ አገረ ገዥ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ስለሺ ለማስተማሩ አረንጓዴ፣ ለምክር ቤቱ ሰማያዊ ክር ወረወረ። ጎርፍ ከተማ በዋጠ ጊዜ አገረ ገዥዋ ቦቲ አጥልቀው ከሕዝቡ ጋር አሸዋ በጆንያ ሲሞሉ የተነሱትን ፎቶግራፍ ባየ ጊዜ ደግሞ ለአገረ ገዥነታቸው የያዘውን ወርቃማ አሰፋው። ሦስተኛ ጊዜ ተወዳደሩና በጥቂት ሺህ ድምፅ ተሸነፉ።

«ከዚያስ የት ታሰሩ?» አለ።

«አልታሰሩም አባዬ። ላሸነፋቸው ሰውዬ ደውለው እንኳን ደስ አለህ አሉት። ከዚያ ቤታቸው ገቡ። አሁን ተመልሰው ያስተምራሉ።»

«የቱ ቤታቸው?»

«የድሮው ነዋ።»

መወርወሪያው እጁ ላይ ቀረ። ስለሺ እስከሚያውቀው ከሥልጣን መውጫው በር ሦስት ነው፤ ወህኒ፣ ስደትና መቃብር። ሰው በገዛ እግሩ ወጥቶ ዳቦ ሊገዛ የሚሄድበት አራተኛ በር መኖሩን የሰማው በሃምሳ ስድስት ዓመቱ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደደረሰ ሰው ኮፍያውን አወለቀ። ጥቁሩን ክር ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከጥቁሩ ቀጥሎም አረንጓዴውን መለሰ።

አራት ሰዓት ላይ መጡ። መንገድ አልተዘጋም፤ ሳይረን አልጮኸም። ከተራ ሚኒባስ ፀጉራቸው የነጣ አጭር ሴትዮ ወረዱ። መሳይ አበባውን እንደያዘ አልፏቸው ሄደና ከፊት በር ለወረደው ሱፍ ለባሽ ጎንበስ ብሎ አስረከበ። ሰውዬው የሆቴሉ ሾፌር ነበር። ከሁሉም ቀድመው ያጨበጨቡት ሴትዮዋ ናቸው። ስለሺ ግን እግራቸውን ነበር የሚያየው፤ በዚያ በአራተኛው በር የወጣ እግር ምን እንደሚመስል ለማወቅ። የሸራ ጫማ ነው። የሽሮ ሜዳ አቧራ ይዞታል።

ነጠላው ትከሻቸው ላይ ተደረበ። አስተማሪ ናቸውና የታጠፈ ነገር አላለፋቸውም፤ እጥፋቱን ገልጠው ቀለሞቹን አንድ በአንድ በሩታ በኩል ጠየቁ። ጣታቸው ጥቁሯ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ባህል ነው» አለ መሳይ።

ሩታ አባቷን አየች። ስለሺ ሃያ ሁለት ዓመት የረገጠው መርገጫ ከእግሩ ሥር ሲርቅ ታየው።

«የወረዱበት ቀን ነው እመቤቴ።»

ሩታ ተረጎመችው። ሴትዮዋ መስመሯን በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሷት፤ ደግሞ ተመለሱባት።

«ቀጭን ናት» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን እኮ ሌላ ቀለም የቀረ አልመሰለኝም ነበር።»

ነጠላውን ገልብጠው ጥቁሯ ፊት ለፊት እንድትታይ አደረጓት። ከዚያ ወደ መሳይ ዞረው ፈገግ እንዳሉ አንድ ነገር ጠየቁ። ሩታ ለመተርጎም ትንሽ ዘገየች።

«እርስዎስ ሊቀመንበር ከሆኑ ስንት ዓመትዎ ነው? ይላሉ።»

መሳይ ጣሪያውን አየ። በጣቱ መቁጠር ጀመረ። በአዳራሹ መወርወሪያዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ሸማኔዎቹ ከየጉድጓዳቸው ቀና ቀና አሉ። የቀኝ እጁ ጣቶች አለቁና ወደ ግራው ተሻገረ። ስለሺ ወደ ቦታው ወርዶ እግሩን መርገጫው ላይ አሳረፈ፤ ዓይኑን ከመሳይ ጣቶች ሳይነቅልም በእጁ ጥቁሩን ክር ፈለገ።