የደጅይጥኑ እዝን

«አፍሽን ክፈቺ እንጂ፣ ልጄ። ክንዴ ዛለ እኮ።»

ወይዘሮ አመተ ማርያም የጠቀለሉትን ጉርሻ ከጥሩሐረግ ከንፈር ፊት ይዘው ቆመዋል። የቅርብ ጎረቤት ናቸው፤ ሐዘንተኛ ማስቀመስ ከድሮ ጀምሮ የእሳቸው ሥራ ነው። ጥሩሐረግ ግን ጥርሷን ገጥማ ከዳሱ ውጭ ያለውን ሜዳ ታያለች። አባቷ ግራዝማች ወልደ ጻድቅ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ታላቅ ወንድሟ ደጅይጥኑ ከሰቆጣ በሦስት ሴቶች ራስ አሸክሞ ያመጣው የለቅሶ እህል፣ እዝኑ፣ መሀል ላይ ተደርድሯል። በአገሩ ልማድ ሟቹን ያስታመመችው ሳትቀምስ እዝን አይነካም፤ አስታማሚዋ ጥሩሐረግ ደግሞ እምቢ ብላለች።

«የትናንቱን የእኛን በልታ የለም?» አለች አንዷ ከኋላ በሹክሹክታ።

«በልታለች። ይሄኛውን ነው የጠላችው።»

«ቅቤው በዝቶባት ይሆናል።»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል።»

ደጅይጥኑ ሰምቷል። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሰው ሲያየው አንገቱን ቀና ማድረግ የለመደ። በቀብሩ ዕለት የአባቱን ጠመንጃ አንግቶ፣ በቅሏቸውን በልጓም አስጎትቶ፣ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞሮ ፎክሯል። «ሙሉ ወንድ ሆኖ ኖረ፣ ሙሉ ሆኖ አፈር ገባ!» ሲል ወንዱ ሁሉ አብሮት አጉረመረመ። ጥሩሐረግ የወንድሟን እህል በሰው ፊት ላለመቅመስ የቆረጠችው ያን ጊዜ ነው። እዝኑ ተንቆ የተመለሰበት ሰው በዋግ ምድር እስከ ልጅ ልጁ ውርደቱ ሲነሳበት ይኖራል። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የሽማግሌው ሽንት ተዘግቶ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ሲወጠር፣ ደጅይጥኑና ጥሩሐረግ በበቅሎ ጭነው ኮረም፣ ከኮረም በአውቶቡስ ደሴ አደረሷቸው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። የላስቲክ ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን ሲያወርድላቸው ግራዝማች በአገውኛ ፈጣሪን አመሰገኑ። በማግስቱ ሐኪሙ ደጅይጥኑን ብቻ አስጠራ። ጥሩሐረግ የአባቷን በርኖስ ታቅፋ ደጅ ቆመች። የአስተርጓሚው ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ወንድሟ ሲወጣ ላብ አጥምቆታል።

«ነቀርሳ ነው» አላት። «ከፊኛው ሥር ተነስቶ አጥንት ገብቷል። መድኃኒት የለውም አሉ።» ሐኪሙ የሰጠውን የታጠፈች ወረቀት በአባቱ ዳዊት ማኅደር ውስጥ ከተተና አገራቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ጥሩሐረግ የሽንቱን ቅል ያዘች። ጠዋት ጠዋት አባቷን በብብታቸው ደግፋ ታቆማለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ ጠብታውን ትጠብቃለች። ልጃቸው ቅሉ ውስጥ ስታይ ግራዝማች ያፍሩ ነበር። ስለዚህ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ እየነቀነቀች፣ ከድምፁ መጠኑን መለየት ተማረች።

«ዛሬስ?» ይሏታል።

«ደህና ነው፣ አባባ። ከትናንት ይሻላል» ትላቸዋለች።

ደጅይጥኑ በዓል በዓል ሲደርስ ስኳርና ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል። አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ በሩ አጠገብ ይቀመጥና፣ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ በቅሎውን ያስጭናል። የወገባቸው አጥንት ሽማግሌውን እንደ ሕፃን ሲያስለቅሳቸው አንድ ቀን አላየም።

ሕመሙ ሲብስ ጥሩሐረግ ያችን ወረቀት ከማኅደሩ አውጥታ፣ ማስታገሻ ልትለምን ሰቆጣ ወረደች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ተስፋው ፈረንጅኛውን ፊደል እየቆጠረ አነበበላት።

«ወንድምሽ አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

ተስፋው ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። «የቆለጣቸውን ፍሬ በኦፕራሲዮን ብናወጣው በሽታው ይበርዳል ይላል። የአጥንቱም ሕመም ይቀልላል፤ ዓመት ሁለት ዓመት በደህና ሊኖሩ ይችላሉ። ልጃቸው እምቢ ብሎ ፈርሟል።»

«አሁንስ ቢወሰዱ?»

«አሁንማ መንገዱ ራሱ ይገድላቸዋል፣ እኅቴ።»

ለአባቷ ስትነግራቸው ግራዝማች ብዙ ጊዜ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ሳቁ። ሳቁ ወገባቸውን ሲወጋቸው እያቃሰቱ ሳቁ።

«ሰባት ልጅ ከወለድሁበት በኋላ ለምኔ ነበር?» አሉ። «በሬ እንኳ ደህና የሚያርሰው ከተቀጠቀጠ በኋላ ነው።» በሞቱበት ሳምንት እጇን ያዙና፣ «ደጅይጥኑን ይቅር ብዬዋለሁ በይው። የሰው ዓይን ፈርቶ ነው። እኔም በእሱ ዕድሜ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር» አሏት። እሺ አለቻቸው። እሺ ስትል ግን ልቧ አልነበረበትም።

«ልጄ ጥሩሐረግ» አሉ አሁን የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ አማኑኤል ከዳሱ ጥግ። «በደል ካለ በሰው ፊት ተናገሪ። ሽማግሌ ሞልቷል፣ ይፈረዳል።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ይህች ሰዓት እንድትመጣ ሦስት ቀን ጠብቃ ነበር። አፏን ከፈተች። ዓይኗ ግን ምሰሶው ላይ የተሰቀለው የአባቷ ጠመንጃ ላይ አረፈ። ወንድሟን ለማዋረድ በመጀመሪያ አባቷን በዚህ ሁሉ ሰው መሀል መግለጥ አለባት፤ ቅላቸው እንኳ ሲታይባቸው ያፍሩ የነበሩትን ሰው። መልሳ ገጠመችው።

ደጅይጥኑ ተነስቶ አጠገቧ ጎንበስ አለ። «ጥሩ፣ አንዴ ቤት እንግባ።»

ቤት ውስጥ የግራዝማች መደብ ባዶውን ነው፤ ቁርበቱ ተነስቷል።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አላት።

«ገና አላዋረድኩህም፣ አያ ደጅይጥኑ። ወረቀቱን ተስፋው አንብቦልኛል።»

«የጠላት ሬሳ ሲሰለብ ያየ አገር ነው ይሄ። ግራዝማች ወልደ ጻድቅ ተኮላሸ ተብሎ በየጠላ ቤቱ እንዲሳቅባቸው ነው?»

«በእሳቸው ነው ወይስ በአንተ?»

«በእኔም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሃቸውም? አፍ ነበራቸው።»

«እሺ ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ።»

ይህን መልስ አልጠበቀችውም። ውጭ አንድ ሽማግሌ ሲስል ተሰማ። ደጅይጥኑ መደቡ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ያውቁ ነበር?»

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። አጭር ቃል ነው፤ አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ዋጠችውና ከግድግዳው ኩላብ ላይ ቅሉን አውርዳ ዘረጋችለት።

«ያዝ።»

«ምንድን ነው?»

«ሁለት ዓመት የያዝኩት ነው።»

መጀመሪያ ከልብሱ አርቆ ያዘው። ከዚያ ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ በሁለት እጁ።

«በአርባቸው ጠይቀኝ» አለችው።

«ቃል ትተውልኛል ማለት ነው? ጥሩ፣ እባክሽ… ረግመውኝ ነው?»

«በአርባቸው አልኩህ።»

ሠላሳ ሰባት ቀን ቀርቷል። አባቷ ሁለት ዓመት አቃስተዋል፤ እሱ ሠላሳ ሰባት ቀን ቢያቃስት አይሞትም። ትታው ወጣችና ወይዘሮ አመተ ማርያም ፊት ቆማ አፏን ከፈተች። ጉርሻው ቀዝቅዟል። አላመጠች፣ ዋጠች። በዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ወደ መሶቡ ተጠጋ።

«ተመስገን» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም ክንዳቸውን እያሹ። «አባትሽም እንዲህ ግትር ነበሩ።»

ወደ ቤት ስትመለስ ደጅይጥኑ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ቅሉን ከጉልበቱ ላይ ወሰደችበት። እጇ በልማዱ ወደ ጆሮዋ አወጣውና ነቀነቀው። ምንም የለበትም።

«ከትናንት ይሻላል» አለች ወደ ባዶው መደብ፣ ቅሉንም ኩላቡ ላይ መልሳ ሰቀለችው።