ከጩኸት በቀር

ድምፅ የሚሠራላቸውን ሰው ፊልም ሠሪዎቹ ጆሮ ነው የሚሉት። ስም ማውጣት እነሱ ዘንድ ችግር የለም፤ ዳይሬክተሩንም እሱ በሌለበት ቶሎ ቶሎ ይሉታል፣ ሰውየው ከዚያ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣማ። ቶሎ ቶሎ የሚሠራቸው ፊልሞች በሲኒማ ቤት ደጃፍ አልፈው አያውቁም። ዱሮ በካሴት፣ ኋላ በሲዲ፣ በቀጥታ ሰው ሳሎን ውስጥ ነው የሚገቡት። በየፊልሙ አንድ ጡንቸኛ ሸሚዙን ያወልቃል፣ አንድ አሮጌ መኪና ይቃጠላል፣ አንዲት ሴት ትታፈናለች። መኪናው የተቃጠለው እንኳ አንዴ ብቻ ነው፤ እሳቱ ግን ከፊልም ፊልም እየተገለበጠ ዛሬም ድረስ ይነድዳል።

ድምፁ ሁሉ የሚሠራው በጆሮ መኝታ ቤት ነው። ቶሎ ቶሎ ሲቀርፅ ለድምፅ ደንታ የለውም። ጄነሬተር ያጓራል፣ ውሻ ይጮኻል፣ አላፊ አግዳሚው "እዚህ ምንድነው?" ይላል፤ እሱ ዝም ብሎ ይቀርፃል። የቀረው የጆሮ ዕዳ ነው። ጆሮ ፍራሹን አንስቶ በሩ ላይ ያቆማል፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይደፍናል፣ እንዳያንጎራጉር ፍሪጁን ከሶኬት ይነቅላል፣ ከዚያም መልሶ መሰካቱን ይረሳና ወተቱ ይበላሻል። ቡጢ ማለት በቆዳ ጃኬት ላይ የሚያርፍ እርጥብ ፎጣ ነው። አጥንት ሲሰበር ካሮት ነው፤ አንገት ሲቆለመም ጥቅል ጎመን። ማታ ካሮቱም ጎመኑም ሾርባ ይሆናሉ። ሚስቱ ሳህኑን እያቀረበች፣ "ዛሬ የስንት ሰው አጥንት ነው የምንበላው?" ትለዋለች።

የሴቶቹ ድምፅ በሙሉ እሷ ነበረች። ነገሩ የተጀመረው አንዲት ተዋናይ በቀጠሮዋ የቀረች ቀን ነው። ጆሮ ግራ ሲገባው ሚስቱን ከወጥ ቤት ጠርቶ፣ ነይ እስቲ አንዴ ጩኺልኝ አላት። የሳሙና አረፋ ከእጇ ሳይደርቅ መጥታ ማይኩ ፊት ቆመች፤ ጮኸች። ጎረቤት ዱላ ይዞ በሩን ሊሰብር ደረሰ። ቶሎ ቶሎ ድምፁን ሲሰማ ተዋናይ የሚባል ነገር ዳግም እንዳይመጣብኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ከፎቅ የምትወድቀውም፣ ባሏ የሞተባትም፣ ቢላ አንገቷ ላይ የተደገነባትም እሷ ሆነች። ጎረቤቱም ለመደ። "አሁን በእውነት የሚገድለኝ ቢመጣ ማንም ከወንበሩ አይነሳም" እያለች ትስቃለች።

ታዲያ ዘንድሮ ድምፅዋ ሻከረ። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ማርና ዝንጅብል ጠጣች። ጉንፋኑ ሄደ፣ መሻከሩ ቀረ። በመጨረሻ ጉሮሮዋን ያየው ሐኪም ክፉ እባጭ ነው አለ፤ ማንቁርቷ ከነአካቴው ካልወጣ አይሆንም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደ ዱሮው መናገር የለም። ቀጠሮው ለሐሙስ ሆነ። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ከመጮኽ ነው ወይ ብላ። ሐኪሙ ኧረ አይደለም አላት፤ ይህ በሽታ ዝም ብለው የኖሩትንም ይይዛል። ጆሮ አጠገቧ ተቀምጦ ይህንን ሰማ። ጆሮው ሰማ እንጂ ልቡ እምቢ አለው።

ሰኞ ጠዋት ቶሎ ቶሎ መጣ። አዲሱ ፊልም ለቅዳሜ ሱቅ መግባት አለበት፣ የታፈነችው ሴት ጩኸትና አንድ ረዘም ያለ ልመና ብቻ ነው የጎደለው። እሷ ወጥታ እንዴት አደርክ ስትለው ሻካራውን ድምፅ ሰማና ፊቱ በራ። እንዲያውም ደግ ነው፣ ታፍና የሰነበተች ሴት ድምፅ ነው አለ። ወዲያው ያለው ነገር ለራሱም ቀፈፈውና ጫማውን ማየት ጀመረ። ክፉ ሰው አይደለም። እሱም የደከመው ሰው ነው፤ ከዐሥር ፊልም በኋላ ዐሥራ አንደኛው ይሻላል እያለ ፀጉሩ ያለቀ።

እሷ ሥራ ጀምሬ አልተውም ብላ ወደ መኝታ ቤቱ መራመድ ጀመረች። ጆሮ በሩ ላይ ቆመ።

"እሷ አትጮኽም" አለ። "ከዱሮው አወጣልሃለሁ። የእሷ ጩኸት ለሃያ ፊልም ይበቃል።"

ቶሎ ቶሎን እምቢ ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቶሎ ቶሎም ክርክር ውስጥ አልገባም፤ በርቱ ብሎ ሄደ።

ያን ዕለት ከሰዓት ልጃቸው ደወለች። አግብታ ሩቅ አገር ነው ያለችው፣ የደረሰች እርጉዝ ስለሆነች መምጣት አትችልም። ከእናቷ ጋር ትንሽ ካወራች በኋላ አባዬን አገናኚኝ አለች። "አባዬ፣ እማዬ የምታወራበትን ላክልኝ። የሚወለደው ልጅ አያቱን ይስማት። መቼም አንተ ጋ ሞልቷል።"

"ምን ጠፍቶ" አላት።

ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ለቶሎ ቶሎ የሚሆነውን ጩኸት ወዲያው አገኘ። ልጁ የጠየቀችውን ግን መፈለግ ቀጠለ። ጩኸት ከፎቅ፤ ጩኸት በቢላ፤ ልቅሶ ለባል፤ ልቅሶ ለወንድም፤ ልመና፣ ተንበርክካ። አንዱን ከፍቶ ይሰማል፣ ይዘጋል፣ ሌላውን ይከፍታል። ሚስቱ በየፋይሉ ትሞታለች። አንድ ጊዜ እንኳ ስታወራ የለችም።

እንዴት እንደሆነ ያውቃል፤ የእጁ ሥራ ነው። እሷ ጮኻ ስትጨርስ ዝም ብላ አታውቅም ነበር። እንዴት ነው፣ ደህና ወጣ? ትላለች። ወይ ውይ ድስቴ ትላለች። ወይ ትስቃለች፣ ወይ ያንን ፍሪጅ ሰካው ትለዋለች። እሱም በነጋታው ተቀምጦ ያንን ሁሉ ከጩኸቱ ጫፍ ላይ እየቆረጠ ይጥላል። በሙያው ቆሻሻ ነው የሚባለው። ሥራውን ያስተማረው ሰው የመጀመሪያ ምክር ቆሻሻ አታስቀምጥ የሚል ነበር፣ እሱም እንደ ጆሮ ንፁህ አድርጎ የሚቆርጥ የለም ሲባል ደረቱን ነፍቶ ኖሯል። የልጃቸውን የሠርግ ቪዲዮ እንኳ ያስተካከለው እሱ ነው፤ ጫጫታውን አጥፍቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙዚቃ አልብሶታል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ጆሮ ወርቁን በየቀኑ እየጠረገ ሲደፋ ነው የኖረው።

ፍለጋው ማክሰኞንም በላው። አመሻሹ ላይ አንድ ጩኸት ጫፍ ላይ መቁረጫው ያመለጠው ነገር አገኘ። ጩኸቱ ያልቃል፣ ትንፋሽ ትስባለች፣ ከዚያ "በ" ትላለች፤ እዚያው ላይ ተቆርጧል። በቃ ልትል ይሁን፣ በላህ ልትል ይሁን፣ በሩን ልትል ይሁን አይታወቅም። ደጋግሞ ሰማው። አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ግን ፈራ። ሐሙስ የሚመጣው ነገር ገና አሁን ነው የገባው። ሐኪሙ ሲነግረው ስለ በሽታ ነበር የሰማው፤ ቤቱ ዝም እንደሚል አልሰማም ነበር።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ክፍሉን አዘጋጀ። ፍራሹን አቆመ፣ መስኮቱን ደፈነ፣ ፍሪጁን ነቀለ፣ ያለውን ጥሩ ማይክ አወጣ። ሚስቱ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ሻሿን አስተካክላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ምን ልበል አለችው። ያሻሽን በይ አላት። ጉሮሮዋን ጠረገች። እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብላ "እኛ ደህና ነን" አለችና ራሷ ሳቀች። እስቲ ስለ ልጅነትሽ አውሪ አላት፤ ልጅነቷ በሙሉ ከራሷ ጠፋ። ስለ እናትሽስ? እናቷ ደግ ሴት ነበሩ፤ አለቀ። ያች ቢላ ሳይነካት ጎረቤት የምታስነሳ ሴት ማይክ ፊት ምላሷ ተሳሰረ። ጆሮም አላበው። ይሁን፣ ልጅሽን አናግሪያት፣ እዚህ ያለች አስመስለሽ፣ አላት።

ዐይኗን ጨፈነች። ቆይታ፣ በዚያው ባለቀው ድምፅዋ፣ ቀስ ብላ ጀመረች። "ልጄ፣ አንቺ የተወለድሽ ቀን እኮ..."

ውጭ አንድ የጭነት መኪና እያጓራ መጣ። ጆሮ ሳያስበው እጁን አነሣ።

"ቆይ" አላት።

መኪናው አልፎ ሄደ። ጆሮ እጁን አወረደና በጭንቅላቱ ቀጥይ አላት። እሷ ግን ዐይኗን ከፍታ ታየው ነበር። አልተቆጣችም። ፊቷ ላይ የነበረው ድካም ብቻ ነው።

"ሰማህ?" አለችው። "እዚህ ክፍል ውስጥ ስጮኽ ትሰማኛለህ። ሳወራ ቆይ ትለኛለህ።"

 ጆሮ እጁን የት እንደሚያደርገው አጣ።

"አጥፋው" አለችው።

"ለልጅቷስ?"

"ለልጄ ማታ እደውልላታለሁ። አንተ እሱን አጥፋውና ፍራሼን መልስልኝ፤ ልጋደምበት።"

እውነቱን ለመናገር ጆሮ ወዲያው አላጠፋም። የመቅጃውን ቀይ መብራት በጣቱ ከልሎ ጠፍቷል ማለት ይችላል። እሷ ስለ ማሽን አታውቅም፤ ለእሱ ደግሞ ሲቀዳ ያልቀዳ መምሰል የሥራው አንድ ክፍል ነው። ቤቱ ዝም ባለ ጊዜ ምን ሊውጠው እንደሆነ ያውቃል። ልጁ የጠየቀችው፣ የልጅ ልጁ የሚሰማው፣ እሱ ራሱ የሚሞትለት ነገር በአንድ ጣት ሥር ነበር። እሷ መልሱን እየጠበቀች ታየዋለች። እስከ ዛሬ ዋሽቷት አያውቅም ማለት አይደለም፤ ባል ነው፤ ግን በዚች በመጨረሻዋ ቀን መዋሸት አቃተው። አጠፋው። አልበቃ ብሎት ገመዱንም ነቀለ።

"ጠፋ?"

"ጠፋ።"

ፍራሹን መለሰላት፣ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደ፣ መስኮቱን ከፈተ። የመንገዱ ጩኸት ሁሉ ገባ። ፍሪጁንም ሰካው። እሷ ተጋደመች፣ እሱ እግሯ ሥር ተቀመጠ፣ ማውራት ጀመረች።

እስኪመሽ አወራች። ውኃ እየተጎነጨች፣ ድምፅዋ ሲያልቅ እያረፈች፣ ሲመለስ እየቀጠለች። እነዚያን ፊልሞች አንዱንም ወዳው እንደማታውቅ ነገረችው፤ ሴቶቹ ሁሉ እናት የሌላቸው ይመስል ማንም አይፈልጋቸውም። ከፎቅ ስትወድቅ የምታስበው ስለ ድስቷ እንደነበረ ነገረችው። ልመናው ግን ይከብዳት ነበር፤ ሰውን አትግደለኝ ማለት በጨዋታም ቢሆን ያማል፣ ሁልጊዜ ከዚያ በኋላ ራሷን ያማት ነበር። እህቷ ይህን ሰውዬ አታግቢ፣ ይህ ሰው አያወራም ብላት እንደነበር ነገረችው። የግድግዳውን እርጥበት ሳትጠግን እንዳትቀር አለችው። ከዚያ በመኪናው ወደ ተቋረጠው ነገር ተመለሰች። ልጃቸውን ስትወልድ አልጮኸችም። አዋላጇ እስክትገረም ድረስ አንዲት ድምፅ አላወጣችም። ጆሮ ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ደንጋጣ ነው፤ እሱ እንዳይሰማ ብላ ፎጣ ነክሳ ነው የወለደችው።

ጆሮ ያን ቀን በሩ ላይ ሆኖ፣ እንዴት ያለ ቀላል ወሊድ ነው እያለ ሲፎክር ትዝ አለው። አለቀሰ። እሷ በእግሯ ገፋ አደረገችውና፣ ይልቅ ሾርባው እንዳያር እየው አለችው። ጭነት መኪና ሲያልፍ ድምፅዋ ይዋጣል፤ ጠጋ ብሎ ይሰማታል።

ማታ ለልጇ ደውላ በሩን ዘጋች። ምን እንዳወሩ የእነሱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ ተከልክላ አፏ ደርቋል። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛለች። ከፊታቸው አንድ ሽማግሌ ያስላል፣ አንዲት ሴት ስልክ ላይ ስለ ቤት ኪራይ ትከራከራለች። ጆሮ ከመግባቷ በፊት የሚላትን ነገር ሌሊቱን ሁሉ ሲያዘጋጅ ነበር ያደረው። እሷም አንድ ነገር ትለዋለች ብሎ ይጠብቅ ነበር። ጊዜ ያለ መስሎት ሽማግሌው ሳሉን እስኪጨርስ ቆየ።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ስሟን ከነአባቷ ጠራች።

"አቤት" አለች፤ ብድግ አለች። ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፣ ትከሻውን በእጇ ነካ አደረገችና ገባች። በሩ ተዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ፤ ልጁ ነበረች። ገባች ወይ ብላ ጠየቀችው፣ ገባች አላት። 

"አባዬ፣ ስትገባ ምን አለች?"

"አቤት አለች።"