በመዝጊያዋ አፍ የገባው ጡብ

ባሌን ኢኖስን ሚስተር ጋድስቢ ሁለት ጊዜ ገደለው፤ መጀመሪያ በጡብ፣ ቀጥሎ በምላሱ።

ያኔ ለንደን ከዳር እስከ ዳር ተቆፍራ፣ የከተማው ቆሻሻ የሚወርድበት ቦይ ከምድር በታች ይሠራ ነበር። ኢኖስ ግንበኛ፣ ጋድስቢ አለቃው። የቦዩ ጣሪያ ጎብጦ የሚገነባው በእንጨት ድጋፍ ላይ ነው፤ ሲሚንቶው እስኪጠና ድጋፉ አይነካም። ጋድስቢ ቸኮለና ድጋፉን አስነቀለ። ጣሪያው ኢኖስ ላይ ወረደ።

ጋድስቢ አሟሟቱን ላጣራው መርማሪ "ሰክሮ ድጋፉን ገፋው" አለ። ኢኖስ በጸሎት ቤታችን ምሎ መጠጥ የተወ ሰው ነው። ጓደኞቹ ቢራቸውን እየጨለጡ "አያ ሻይ፣ ጡቡንም ሻይ አጠጣው እንጂ" ይሉት ነበር። በምርመራው ቀን ግን ለእንጀራቸው ፈርተው አልመሰከሩለትም። የጸሎት ቤቱ ሰባኪም መጠጥ ለመተው ከማሉት ሰዎች መዝገብ ስሙን ፋቀ።

ጋድስቢ ለጽድቅ ብሎ አጣቢ አድርጎ ቤቱ አስገባኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይቺ የዚያ ሰካራም ሚስት ናት፤ ሜዳ ላይ ልጣላት?" ይላል። ጎረቤቶቼ "ሄስተር፣ እንዴት ቻልሽው?" ይሉኛል። አልቻልኩትም። ቤቱን እያጠናሁ ነበር።

"የእኔ ቦይ አያፈስም" ብሎ ለመኩራራት የምግብ አዳራሹን ምድር ቤት አውርዶታል፤ ቦዩ ሲሞላ ውሃው ከወለሉ በላይ ነው። የሚያግደው በጓሮው ጉድጓድ ያለች አንዲት የብረት መዝጊያ ናት። የቤቱን እጣቢ ታስወጣለች፣ የቦዩን አታስገባም። የምጠርጋት እኔ ነኝ።

ልጁን የዳረ ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ፣ የቴምዝ ወንዝም በባሕሩ ሙላት ሲያብጥ፣ ኢኖስ ላይ ከወረደው ጡብ ያስቀመጥኩትን ቁራጭ እንዳትዘጋ በመዝጊያዋ አፍ ደነቀርኩት።

የበጉ ጥብስ ሲቆረጥ በወለሉ ጥግ ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ ይንዶቀዶቅ ጀመር። ከዚያ የከተማው ጉድ ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ወንበር ላይ ቆሙ። ጋድስቢ እየተንቦራጨቀ እኔ ወዳለሁበት ጓሮ ደረሰ።

"ሄስተር፣ መዝጊያዋን እያት!"

"አይቻታለሁ ጌታዬ፤ ጡብ ነክሳለች። ኢኖስ ሰክሮ ነበር?"

"አንቺ ሴት፣ አብደሻል?"

"እኔ አልቸኩልም። የሚሞላው የእርስዎ ቤት ነው።"

"አልሰከረም" አለ በጥርሱ መሃል።

"እንግዶቹ አልሰሙም።"

ወደ አዳራሹ በር ዞሮ ጮኸ። "ኢኖስ አልሰከረም። ድጋፉን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። በቃሽ? አሁን አውጪው።"

ሙሽሮቹን ሊባርክ የመጣው ያው ሰባኪያችን ጫማውን በእጁ ይዞ ከአዳራሹ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ቆሞ ነበር።

"ሰሙ፣ አባት?" አልኩት።

"ሰማሁ" አለ።

ክንዱን ይዤ፣ የኢኖስን ስም እንደገና ሊጽፍ፣ በዝናቡ ወደ ጸሎት ቤት ወሰድኩት። ጡቡን እዚያው ተውኩት።