የቁጥር ሰባት ትንፋሽ

ተማሪዋ ሁለት ዓመት ሙሉ የደን አፈር ሲተነፍስ ስትለካ ኖረች። የሰማ ሁሉ ይስቅባታል፤ እናቷማ «ሳንባ የለው፣ በምኑ ይተነፍሳል?» ብለዋታል። ግን እውነት ነው። ሥሩም፣ ትሉም፣ በዓይን የማይታየውም ፍጥረት ከታች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። እሷም አፈር ውስጥ በተቀበሩ ሃያ የፕላስቲክ ቀለበቶች ላይ በየተራ ክዳን ትደፋና መለኪያው ያሳየውን ትመዘግባለች።

አሥራ ዘጠኙ ጨዋ ናቸው። ቁጥር ሰባት ብቻ ለይቶለታል፤ ዘነበም አልዘነበ የጎረቤቶቹን እጥፍ ይተነፍሳል። አማካሪዋ የሆኑት ዶክተር የልኬቱን መዝገብ አገላብጠው «መለኪያው ተበላሽቶ ከሆነ አንዱም ቁጥር አይታመንም። እስከ ዓርብ ምክንያቱን ካላገኘሽ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ» አሏት። የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ሊገባ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የደኑ ጠባቂ እንደ ልማዳቸው ቁጥር ሰባት ጋ ጠበቋት። መንገዳቸው በዚያ ስለሆነ ሁልጊዜ የሚገናኙት እዚያው ነው። ሽማግሌው ደግሞ ወሬ ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል!

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ይቺ ቀለበት ጉድ ልትሠራኝ ነው፣ ጋሼ።»

ጠባቂው አጠገቧ ቁጢጥ አሉና፣ ሊያጽናኗት ብለው፣ አማታቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው እሱኑ ፍለጋ ቤት ሲያምሱ የዋሉበትን ቀን ለስንተኛ ጊዜ ያወሩላት ጀመር። ልቧ እያዘነ ሳቋ አመለጣት። ሁለቱም ክዳኑ ላይ አጎንብሰው ተንከተከቱ።

የመለኪያው ቁጥር ሽቅብ ዘለለ።

ተማሪዋ ድርቅ አለች። «ጋሼ፣ እስቲ ዝም ይበሉ። ወደዚያም ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

ጠባቂው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ራቁ። ቁጥሩ ወረደ። የቀለበቱን ጠርዝ በጣቷ ብትዳብሰው ጥፍር የምታስገባ ስንጥቅ አገኘች። ለካ ትንፋሻቸው በዚያች ቀዳዳ ሲገባ ኖሯል!

«እኔ ነኝ በይኛ!» አሉ ጠባቂው ክው ብለው። «ካሁን በኋላ በዚህ አላልፍም።»

እሷ ግን ጭቃ ለውሳ ስንጥቋን ደፈነችና ክዳኑን መልሳ ደፋች። «ኑ፣ ይቀመጡ። አሁን ያውሩ።»

አወሩ። እንደ ጉድ ሳቁ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ቁጥር ሰባት ከጎረቤቶቹ እኩል ሆነ፤ መለኪያውም ጤነኛ ነው። ተማሪዋ በደስታ ሽማግሌውን አቅፋ ሳመቻቸው።

ዓርብ ዕለት ዶክተሩ «ቁጥር ሰባት ይሰረዝ፤ ምክንያት፦ የጠርዝ ስንጥቅና ጨዋታ» የሚለውን አንብበው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና ፈረሙላት። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ተረፉ።

ተማሪዋ የተሰረዘውን ገጽ በሌላ ወረቀት ገልብጣ ለጠባቂው ወሰደችላቸው። «ይሄ የእኛ ነው፣ ጋሼ።»

ጠባቂው ጣታቸውን በቁጥሮቹ ላይ አስኬዱና ከሁሉ የሚበልጠው ላይ ቆሙ። «ይቺስ የመቼ ናት?»

«የአማትዎን መነጽር መጀመሪያ ያወሩልኝ ቀን።»

ጠባቂው ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያም ቁጢጥ አሉና ወሬያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።